ከሮንደላው ሥር የተገኘው ቀለም

ለወንድሜ ለዴልበርት፣ ባለህበት በኮዲያክ ይድረስህ።

እንዴት ከርመሃል? ክረምት ሲገባ የሚያስልህ ደረትህስ ተሻለው ወይ? ባለቤትህ ቬራ ደህና ናት? ትንሿ ኒና ትምህርት ቤት መግባቷን ሰማሁ፤ ያውም ከባዳ አፍ። ባሕሩ አይሎባችሁ እንዳይሆን እያልኩ ማታ ማታ የአየር ጠባይ ሲነገር የእናንተን አገር ሳልሰማ አልተኛም። ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም። በሽታም አይደለም። አንተ ላይ የሠራሁት ጥፋት ነው፣ እሱን ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት። ሰባት ዓመት ሙሉ ለልደትህ እንኳ ካርድ ያልላከች እህት አሁን ምን ፈልጋ ጻፈች ትል ይሆናል። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከዚያ ብትቀደው አልቀየምህም።

ዳክዬዋ አለች። እማማ ዳክዬ ብላ የሰየመቻት የሰባ ስድስት ሞዴሏ፣ አልጋና ማድቤት ያላት ቤት መኪናችን ዛሬም ጓሮ ቆማለች። ዛሬም ጠዋት ጠዋት እሺ ትላለች፤ ሞቃ ካጠፋኋት ግን ቁልፉን ሳዞር "ቀጭ" ትልና ዝም ነው። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ሦስት ጊዜ ቀየርኩላት። ሦስቱንም ስቀይር ያንተን ስም እያነሳሁ "እሱ ያበላሸው ነገር መቼ ይጠራል" እል ነበር። በመጨረሻ ስትሞቅ ማጥፋት ተውኩ። ነዳጅ ስቀዳ እንኳ ሞተሩ አይጠፋም፤ ባለቤቴ ኬርሚት "አንድ ቀን ከነማድቤቷ አንድደሽ ትጨርሽናለሽ" ይለኛል።

ባለፈው ወር ቫለንታይን ከተማ የአሮጌ ቤት መኪና ባለቤቶች ስብሰባ ነበር፤ እማማ ዓመት የማታስቀረው። ብቻዬን ሄድኩ። የሜዳው በር ላይ ለመመዝገብ ረስቼ አጠፋኋት፣ በዚያው ቀረች። ከኋላዬ ስድስት መኪና ተሰልፏል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እነሱ ግን ሠርግ የተጠሩ ይመስል ታጣፊ ወንበራቸውን እየያዙ መጡ። የነዚህን ሰዎች አመል ታውቀዋለህ፤ የሰው መኪና ሲበላሽ ደስታቸው ነው። አንዱ ባትሪው ነው ይላል፣ አንዱ ሙቀቱ ነው ይላል። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አርዲስ የምትባል ሴትዮ "እናንተ ስትከራከሩ ልጅቷ አረጀች እኮ" አለቻቸው። ልጅቷ እኔ ነኝ፣ በስልሳ አንድ ዓመቴ።

የአርዲስ ባል ኤልሮይ አርባ ዓመት ባቡር ሲጠግን የኖረ፣ ሰማንያን ያለፈ ሰው ነው። እነሱ ዘንድ መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ባለመኪናው ፊታቸው ቆሞ መጠየቁ ወግ ነው። ኤልሮይም ወንበሩ ላይ ተደላድሎ "መጀመሪያ እምቢ ከማለቷ በፊት መጨረሻ የነካት እጅ የማን ነው?" አለኝ። ላፍታም አላሰብኩ። "የወንድሜ" አልኩ። "አሮጌ ሞተሪኖ ከሰው ገዝቶ ገጠመላት፤ እሱ ከነካት ወዲህ መኪና አልሆነችም።" ሃያ ሰው ፊት እንዲህ አልኩ። ለምዶብኝ እንደ ውሃ ነው ከአፌ የወጣው።

ኤልሮይ ከወንበሩ ተነሳ። ቴስተሩን አወጣና አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ "አዙሪ" አለኝ። ዜሮ አካባቢ መቆም የነበረበት ቁጥር አራት ቮልት ደረሰ። "ሞተሪኖውን ተዉት፣ ምስኪን ነው" አለ። "ኃይሉ ይመጣለታል፣ መመለሻ መንገድ ነው ያጣው። ማሳው ነው።" ማሳ የሚለው ሞተሩን ከሻሲው ጋር የሚያገናኘውን ያን ጠፍጣፋ ሽቦ ነው። ከባትሪው ወደ ሞተሩ በቀጥታ አንድ ገመድ ዘረጋ፤ ቁልፉን ገና ነካ ሳደርገው ተነሳች። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ከሥር ገብቶ ብሎኑን ፈታና ከብሎኑ ራስ ሥር ያለውን የብረት ቀለበት፣ ሮንደላውን፣ መዳፉ ላይ አድርጎ ወጣ። "ይሄን ማን ነው የቀባው? ሽቦው ተፈትቶ፣ ሥሩ ተቀብቶ፣ ቀለሙ ላይ ነው ተመልሶ የታሰረው። ቀለም እኮ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም" አለ። ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። የእማማ የበረንዳ ወንበር ቀለም።

የቀባሁት እኔ ነኝ። አንተ ሞተሪኖውን በገጠምክ በሦስተኛው ቀን፣ እማማ "አክስትሽ ሄስተር ዝገቷን አይታ እንዳትስቅብኝ" ስላለች፣ ከወንበሩ የተረፈውን ቀለም ይዤ ከሥር ገባሁ። ሽቦውን ራሴ ፈታሁ፣ አሳምሬ ቀባሁ፣ ራሴ መልሼ አጠበቅሁት። በሥራዬ ኮርቼም ነበር። ምን ቅብጥ እንዳደረገኝ እንጃ።

ኤልሮይ ሲጠይቅ ግን አፌ ተያዘ። ከተቀመጡት አንዱ "ወንድሟ ይሆናላ" አለ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ዝም። እያወቅሁ ዝም አልኩ ዴልበርት፤ በካዶካው ቀን ሳላውቅ በደልኩህ፣ በዚህኛው ግን አውቄ ነው።

የካዶካውን ታውቀዋለህ፤ ግን አንድ ጊዜ እንኳ እንደሆነው ከእኔ አፍ ይነገር። አክስት ሄስተር ማይልስ ሲቲ ልትሞት ተኝታ እማማን ትጠራለች። እኛ በዚያ ሙቀት ካዶካ ነዳጅ ልንቀዳ አጠፋናት፣ አልነሳ አለች። አንተ ከሥሯ ገብተህ ወጣህና "ላቮን፣ ያን የቀባሽውን ቦታ አንዴ ፈትቼ ልየው" አልከኝ። ዛሬ ቃል በቃል ይሰማኛል። እኔ መፍቻውን ከእጅህ መንጭቄ "ደግሞ ወደ እኔ ልታዞረው? ያንተ እጅ የነካው ነገር ሁሉ ይሞታል" አልኩህ፣ እማማ እየሰማች፣ የማደያው ሰው ሁሉ እየሰማ። ቦርሳህን አንስተህ ሄድክ። ባለፈው ወር ኤልሮይ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ መልሶ ሲያስረው ሰዓት ይዤበት ነበር፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የፈጀበት። ያን ጊዜ እኛ ሌላ ሞተሪኖ እስኪመጣልን ሦስት ቀን ካዶካ ተቀመጥን፤ አክስት ሄስተር በሁለተኛው ቀን አረፈች። ሞተሪኖው ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ስለተገጠመ ተነሳች፤ እኔም "አላልኩም?" አልኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ሌላም አለ። እማማ እስክትሞት ድረስ "ልጁን ጥሪልኝ፤ የከዳን ብረት ነው እንጂ እሱ አይደለም" ትለኝ ነበር። እኔም "ስልኩን አያነሳም" እላት ነበር። ደውዬልህ አላውቅም። ቀብሯ ላይ ከኋላ ቆመህ ሳይህ ፊቴን ያዞርኩት በንዴት መስሎህ ይሆናል፤ ለምን አልጠራሽኝም ብለህ እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ ነው።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ተነስቼ ለሁሉም ነገርኳቸው። ሹካ ሁሉ ቆመ። ኤልሮይ ብቻ እንቁላሉን እየበላ "ጥሩ፤ ግን ለእኛ ነግረሽ ምን ሊጠቅም? የወንድምሽን ቤት ሳትሽው እኮ" አለኝ።

ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቤቴ መታጠፍ ሲገባኝ ወደ ሰሜን፣ ወደ ካዶካ ነዳሁ። ያው ማደያ አለ፣ ያው ሁለተኛው መቅጃ። ፀሐዩ ያቃጥላል። አጠፋኋት፣ ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ፣ አዞርኩ። በአንዴ ተነሳች። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። የእማማን ባዶ ወንበር አየሁና መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሒሳብ ተቀባይዋ ወጥታ "ምነው፣ እምቢ አለችሽ?" አለችኝ። "አይ፣ ተነሳችልኝ" አልኳት።

በአንድ ወረቀት ይቅር በለኝ ብዬ መገላገል አልፈልግም። ስልካችን ያው የድሮው ነው። ብትደውል የፈለግኸውን ተናገረኝ፣ እኔ አንዲት ቃል አልመልስም። ላቮን ዝም ማለት መቻሏን እንደማታምን አውቃለሁ።

ቬራን በጣም ሰላም በልልኝ፤ አይቻት ባላውቅም ያንተን ዝምታ የቻለች ሴት ትከበራለች። ኒናን አክስት አለሽ በላት፤ ጥሩ አክስት ናት ግን አትበላት፣ አድጋ ራሷ ትፍረድ። ኬርሚት ሰላም ይልሃል፤ ይህን ሁሉ ትናንት ነው የሰማው፣ ካልላክሽው እኔ እልከዋለሁ ብሎ በር ላይ ቆሟል። አርዲስ ሳታውቅህ ትስምሃለች። ኤልሮይም "ያን ልጅ እጁን ጨብጭልኝ" ብሎኛል።

ፖስታው ውስጥ ያለውን ሮንደላ እንዳትጥለው። አንዱ ፊቱ እንዳይፈተግ ኤልሮይን ለምኜ አስቀርቼዋለሁ፤ ቀለሙን ስታየው ታውቀዋለህ። መጨረሻ የነካት እጅ የእኔ ነበር።

እህትህ ላቮን

ብሮክን ቦው፣ ኔብራስካ
ኦገስት 21 ቀን 2011