ከእጄ የሚበላ ጠፋ

ውድ እትዬ ውባለም፣

እሺ፣ ስድቡንስ ልቻለው። ቆለኛ ይበሉኝ፣ ዋልጌ ይበሉኝ፣ አፈ ሰፊ ይበሉኝ፤ የገዛ እናቴም ትለኛለች። ግን ደብረ ሲና ገበያ መሀል፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እየሰማ፣ «ወንድሜን በጥንቅሽ የገደለው ዘውዴ ነው፤ ከዘውዴ እጅ የበላ ሁሉ እንደ ወንድሜ ይሁን» ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው? የተጣሉት ከኔ ጋር አይደለም እንዴ? የበላው ሰው ምን አደረገዎት?

ምናልባት እዚያው ብርዱ ውስጥ የሚቀር መስሎዎት ይሆናል። አልቀረም። እርግማን ቁልቁለት አያደክመውም። ከገበያ የተመለሱ ነጋዴዎች ከገብሳቸው ጋር ጭነው አወረዱት። ቀወት ደረሰ፣ ሸዋ ሮቢት ደረሰ፣ አጣዬም እንደደረሰ ሰምቻለሁ።

እኔ ደግሞ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ። አይ፣ አያውቁም፤ ልንገርዎት። ከሮቢ ወንዝ እስከ አዋሽ በረሃ ድረስ እንደኔ መንገድ የሚያውቅ የለም። ከርከሮ እንኳ ኮቴዬን ሲሰማ ነው መንገድ የሚለቅ። ጣልያን የመኪናውን መንገድ ይዞ አላፊ አግዳሚውን መፈተሽ ከጀመረ ወዲህ፣ ቤቱ የተቃጠለበትም፣ ልጁ የታሰረበትም፣ ጠመንጃ ይዞ የሸፈተውም በግራሩ ውስጥ ለውስጥ የሚያልፈው በኔ ነው። ደግሞ ሰው በባዶ ሆዱ አሳልፌ አላውቅም። ሌላው መንገድ መሪ መንገዱን ብቻ ያሳያል፤ እኔ አብልቼ ነው የማሳይ። ስሜ የተጠራው በዚህ እጄ ነው። አንቱ የረገሙትም ይኼንኑ እጄን ነው።

ደሳለኝን የሰጡኝ ራስዎ ነዎት። ከከተማው ወጣ ብሎ ጥዱ ሥር ቆመው፣ «አደራ ዘውዴ፣ ማጀቴ አገር ላሉት አርበኞች አድርስልኝ፤ ወንድሜ ነው ግን እኔ ነኝ ያሳደግኩት» አሉኝ። «ከኔ ጋር የሄደ ከእናቱ ጓዳ እንደገባ ይቁጠሩት» ብዬ ማልኩ። ብያለሁ፣ ዛሬም አልክድም። የስንቁን ከረጢት ሲያስይዙት በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት። እኔ አልሰማሁም።

ሲወርድ አይተውት ቢሆን ይስቁ ነበር። መጀመሪያ ጋቢውን አወለቀ፣ ቀጥሎ እጀ ጠባቡን፤ ከዚያ የሚያወልቀው አጣ።

«አንተ ዘውዴ፣ ይኼ አገር ነው ምድጃ?» አለኝ።

«ምድጃ ነው። አንተ ደግሞ ሊጥ ነህ፤ ዝም ብለህ ብሰል።»

«በስዬ ስጨርስስ?»

«ለማጀቴ ሰዎች እቆርስሃለሁ!»

እንደዚህ እየተባባልን ነው የሄድነው። ብርኩታ አስተማርኩት። የማሽላ ሊጥ ማድቦልቦል፣ የጋለ ድንጋይ መሀሉ መክተት፣ ፍም ውስጥ መቅበር፤ ከውጭም ከውስጥም ይበስላል። ምጣድ አይፈልግ፣ ምን አይፈልግ፤ የመንገደኛ ዳቦ ነው። የመጀመሪያውን ራሱ ጋገረና ድንጋዩን ሳያወጣ ነከሰው! አገጩን ይዞ ሲዘል ዝንጀሮዎቹ ገደሉ ላይ ቆመው ያዩት ነበር። ከግራር ግንድ ማር ቆረጥኩለት፤ ንቡ ግንባሩን ሲነድፈው ማሩን ግን አልጣለም። ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጦ እሾሁን እየሰደበ ፍሬውን ይለቅማል። እኔ የማሳልፈው መንገደኛ ብዙውን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄድ፤ እሱ ግን ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ይጠይቃል፣ ሁሉን ይቀምሳል።

አንድ ማሳ ላይ ማሽላ የሚጠበቅበት ማማ ነበር፤ አወጣሁት። ቆላው ሁሉ ታየ። ማሽላው አሽቷል፣ ቀይ ነው፣ ነጭ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግራር፤ ከግራሩ ወዲያ አቧራ የሚመስለው የአፋር ሜዳ። ወደኋላ ሲዞር ደግሞ የናንተ ተራራ ጉም ለብሶ ቆሟል።

«ከላይ ሆኜ ሳየው ይኼ ሁሉ ጠፍ ይመስለኝ ነበር» አለኝ በመጨረሻ። «ለካ ደመና ውስጥ ተደብቀን የምንኖረው እኛ ነን።»

ጥንቅሹን የሰጠሁት እዚያ ማማ ላይ ነው። እናንተ ገበያ የሚወጣው የጠወለገው ነው፤ ከማሳው ተሰብሮ፣ በጥርስ ተልጦ፣ እዚያው የሚመጠጠው ሌላ ነው። ጭማቂው በክንዱ ወረደ። «ውባለም ይኼን ብትቀምስ ባሏን ጥላ ቆላ ትወርድ ነበር» አለ። ይቅርታዎን፤ ያለውን ነው የምጽፈው።

ይኼ ነው እንግዲህ ገደለው የሚሉት። እኔ ጥንቅሽ እየመጠጥኩ ነው ጥርስ ያወጣሁት! እሸትና ጥንቅሽ የበላ ደገኛ ንዳድ ይይዘዋል ትላላችሁ፤ እኛም ዘንድ እንዲያ የሚሉ አሉ። ሳይበላ የያዘውንስ ምን ሊሉት ነው?

ከዚያ ጣልያን መሻገሪያውን ያዘው። ድልድይ ሊሠራ ነው አሉ፤ ድንኳኑን ተክሎ ተቀመጠ። እኛም እስኪነሳ ብለን ሮቢ ዳር ሸምበቆ ውስጥ ሰነበትን። ስንቁ አለቀ፣ ትንኙ አላስቀምጥ አለን። አንድ ቀን በቀትር፣ ድንጋይ በሚያቃጥል ፀሐይ፣ «ዘውዴ፣ ጋቢዬን አቀብለኝ» አለኝ። ቀልድ መሰለኝ። «ሊጡ ቀዘቀዘ እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ። ቀና ሲል ጥርሱ ይንገጫገጫል። ሳቄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

በጀርባዬ ተሸክሜ፣ ማንም ሳያግዘኝ፣ እትዬ መሊካ ቤት አገባሁት። እስላም ናት፤ ባሏም ከሸፈቱት ጋር ነው። ለክርስቲያን እንግዳ ብላ ለብቻው የምታስቀምጠው ድስትና ዋንጫ አላት። ዶሮ ይዛ መጥታ «በሃይማኖታችሁ አንተ እረደው» አለችኝ፤ አረድኩ። መረቁን ስታጎርሰው «አብሽር ወንድሜ፣ አላህ ያሽርህ» ትለዋለች። ይጠጣና መልሶ ያወጣዋል። ፊቱ እንደ ደረቀ ቅል ሆነ።

ያኔ ያደረግኩትን እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም። ማሬን በቅል ይዤ ወደ ጣልያኖቹ ድንኳን ሄድኩ። እኔ፣ ዘውዴ! አስተርጓሚውን ለመንኩት። በዕድሜዬ ለምኜ አላውቅም። ማሩን ቀመሰና ኪኒን የሚሉትን እንክብል በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ንዳዱ ከጥንቅሽ ይሆን?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ፤ «ሐኪማቸው ከትንኝ ነው ይላል» አለኝ። ትንኝ! ያን የሚያህል ሰው ትንኝ ከጣለው እኔ መቼ እተርፍ ነበር? ብቻ አልተከራከርኩም፤ እየሮጥኩ ተመለስኩ። ከድንኳኑ ስወጣ ያዩኝ ባንዳ ብለውኛል። ይበሉ።

ደሳለኝ እንክብሉን አየና «ከየት ነው?» አለኝ።

መዋሸት ነበረብኝ። እኔ ግን ጉራዬን ነፋሁ፤ «ከጣልያን ጉሮሮ ነጥቄ ነው!» አልኩት። ጥርሱን ገጠመ።

«አልውጥም።»

«አብደሃል? ያድናል እኮ!»

«ለውባለም ምያለሁ። ከቤት ስወጣ ‹አባታችንን የገደለ የጣልያን እጅ የነካው ነገር አፍህ እንዳይገባ፤ በአባታችን አጥንት ማልልኝ› አለችኝ። ማልኩላት።»

ጥዱ ሥር በጆሮው የነገሩት ያኔ ገባኝ።

እትዬ መሊካ ተቆጣች። «መድኃኒት ምን አገር አለው? ዋጠው ልጄ፣ ኃጢአቱ በኔ ይሁን!»

«ኃጢአቱንስ ይውሰዱልኝ፤ መሐላውን ግን ማን ይወስድልኛል?» አላት።

እንክብሉን አድቅቄ በወተት አሟሟሁት። ቀመሰና ተፋው። «ዘውዴ፣ ወተት አይመርም» አለኝ፤ አልተቆጣም እኮ፣ እንደ ቀልድ ነው ያለው። ከዚያ አፉን በግድ ልከፍት ተነሳሁ። ወይፈን በቀንዱ ይዤ የምጥል ሰውዬ የሱን መንጋጋ መክፈት አቃተኝ። ጉልበት አጥቼ አይምሰልዎት። አየኝ። በቃ፣ አየኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቀለል ያለው መሰለ። ልብሱን አስተካክዬለት ስቀመጥ እጄን ያዘ። «እንዳትነግራት» አለኝ። «‹በመሐላዬ ገደልኩት› ብላ ሰው አትሆንም። በጥንቅሹ አሳብበህ ንገራት። አንተ ጀርባህ ሰፊ ነው፤ ትችለዋለህ።»

«እችለዋለሁ» አልኩት።

ፀሐይዋ ሳትጠነክር አረፈ። ከኛ ቤተክርስቲያን አስቀበርኩት፤ ፍትሐቱ አልጎደለበትም። እትዬ መሊካ ከቅጥሩ ውጪ ቆማ አለቀሰችለት። ላንቱ የላክሁት መርዶ ደግሞ እሱ ራሱ ያስያዘኝ ቃል ነው። ጥንቅሹን ከኔ አፍ እንጂ ከሌላ አልሰሙም። ስድብዎ ሲመጣ ደረቴን ሰጠሁት። ይቻላል ብዬ ነበር።

እርግማኑ ከመጣ ወዲህ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ነጋዴው ከቤቴ ቆሎ ዘግኖ መሄድ ተወ። የማውቃቸው ሰዎች «ጾም ይዤ ነው»፣ «አሁን በልቼ ነው» ይሉኛል፤ ሆዳቸው ሲጮህ እየሰማሁት። ይኼንንም ችዬ ነበር። ያልቻልኩት የሰሞኑን ነው።

አንዲት ሴት መጣች፤ ከአጣዬ በኩል ነው፣ ጣልያኖች ቤቷን አቃጥለውባት። ልጅ አዝላለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ብርኩታው ከፍሙ መውጣቱ ነበር፤ ድንጋዩን አውጥቼ፣ ቆርሼ ሰጠኋት። እጇን ዘርግታ «ስምህን ማን ልበል ወንድሜ፣ እንድመርቅህ» አለችኝ።

«ዘውዴ!» አልኩ፣ እንደ ወትሮዬ ደረቴን ነፍቼ።

እጇን ሰበሰበች። «ደብረ ሲና ላይ የተረገምከው?»

«ኧረ እህቴ፣ ለልጁ እንኳ ስጪው! እኔው ቀድሜ ልብላልሽ፤ ይኸው!»

«አንተማ ብትበላ ምን ትሆናለህ? የተረገመው የሚበላው ነው። ለኔ የቀረኝ ይኼው ልጅ ነው» አለችና ልጁን አጥብቃ አዝላ ተነሳች።

ልጁ አንገቱን አዙሮ ዳቦውን እያየ ሄደ። እትዬ መሊካን ወተት አስይዤ ላስከትልላት ሮጥኩ፤ ስንደርስ ግራሩ ውስጥ ገብታ ጠፍታለች። እየተጣራን ፈለግናት። አልመለሰችም፤ ድምፄን ፈርታ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ለብዙ መንገድ ውሃም ቤትም የለም። ትድረስ አትድረስ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። የሚወርደውን የሚወጣውን ሁሉ «ልጅ ያዘለች ሴት አላያችሁም?» እላለሁ። አላየንም ይሉኛል።

ሌላ ስም ብነግራት ኖሮ ትበላ ነበር። ይኼ ሐሳብ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። እኔ ስሜን ደብቄ አላውቅማ።

ስለዚህ ለደሳለኝ የገባሁትን ቃል ይኸው አፈረስኩት። ስድብን ጀርባዬ ይችላል፤ የሰው ልጅ ረሃብ ግን አልተጫነብኝም ነበር፣ እሱም እንደዚያ አላለኝም። ይኼን ያስያዝኩት ነጋዴ ፊደል አይቆጥርም፤ ዳዊት ሳልደግም ከቄስ ትምህርት ቤት የጠፋሁት እኔ የጫጫርኩትን አንቱ የመሪጌታ ልጅ ካላነበቡት ማንም አያነበው። በምስጢር ይያዙት። እኔ ለማንም አልተናገርኩም፣ አልናገርምም።

ማጽናናት አልችልበትም። አንቱ ገደሉት አልልም፤ እኔም ገደልኩት አልልም። ያስማሉት እንዲኖር ብለው ነው፤ እኔም ያበላሁት እንዲኖር ብዬ ነው። ጣልያን ባይመጣ ኖሮ ከአንቱ ጥግ ምን አስወጣው? ብቻ ወንድምዎ ቃሉን ጠብቆ ሞተ። እኔ ነኝ ያልጠበቅኩ።

መቃብሩን ማየት ቢፈልጉ አወርድዎታለሁ፤ በቅሎ ይዤ እስከ ጥዱ ድረስ እመጣለሁ። የኔን እህል መቅመስ አይገደዱም፤ ስንቅዎን ይዘው ይምጡ።

እኔን መርገሜን አልተውም ካሉ አይተዉ። ዓይኑ ይጥፋ ይበሉ፣ ማሳው ዝንጀሮ ይውረሰው ይበሉ፤ አንሱልኝ አልልም። «ከእጁ የበላ» የምትለዋን ብቻ፣ እዚያው በተናገሩበት ገበያ ላይ፣ ሰው እየሰማ ያንሱ። ሰበብ ይፍጠሩ፤ ሕልም አየሁ ይበሉ፣ ቄሱ ገዘቱኝ ይበሉ። መንገደኛ ነገም አለ፤ ጣልያኖቹ ቤት ማቃጠሉን አልተዉም።

ዘውዴ ነኝ፣ ከሮቢ ዳር።

ይኼ ነጋዴ ገብሱን እስኪጭን ደጅዎ ይቆማል። አንስቻለሁ ወይም አላነሳም ይበሉት፤ ዝም ብለው እንዳይመልሱት። ቶሎ!