ከጥቁሩ ስክሪን ውስጥ የእማዬ ድምፅ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለኃይለሚካኤል፣ ካለህበት በረሃ።

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ ትንሽ በረድ አለልህ? አባዬ እንዳይጨነቅ ብለህ ለእኔ ብቻ የነገርከኝ ዓይንህስ፣ የጨው አቧራው አሁንም ያቆስለዋል? ድንኳን የምትጋራው ጓደኛህ በከርስ ደህና ነው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ስልክህ ከጨው ማምረቻው ካምፕ ስለማይሠራ ይህን ለውኃ ቦቴው ሹፌር እሰጠዋለሁ። አደራህን፣ ተቀምጠህ አንብበው።

ሐኪሙ አባዬን የማታውን የስኳር ኪኒን አስቁሞታል። ስኳሩ ሌሊት በጣም እየወረደ፣ አንድ ቀን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወድቆ አገኘሁት። ኪኒኑን ከቀጠለ አንድ ጠዋት ላይነሣ እንደሚችል ሐኪሙ ፊት ለፊት ነገረን። አባዬም እሺ ብሎ ነበር። ቤት ገብተን ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን ኮምፒውተሩ ተናገረ። እማዬ ከማረፏ በፊት ሆስፒታል ሳለች፣ አባዬ እንዳይረሳ ብለህ የቀዳኸውና በየማታው እንዲናገር ያደረግኸው ድምፅ ነው፤ «በሱፍቃድ፣ ኪኒንህን ውሰድ» የሚለው። አባዬ «አቤት» ብሎ ተነሣና ዋጠ። በዚያ ሰዓት ስማችን ሲጠራ፣ የሚጠራው ሰው ላይሆን ይችላል ብላ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት እንዳንል ያስተማረችን እማዬ ራሷ አልነበረችም?

ኪኒኑን ደበቅሁበት። ቤቱን ሲያምስ አመሸና በማግስቱ ከልደታ ማርያም ሲመለስ ሌላ ገዝቶ መጣ። ስፒከሩን ነቀልኩት፤ መልሶ ሰካው፣ እኔንም አኮረፈኝ። እሷ ውሰድ እያለች ሐኪም ማን ነው ይለኛል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አሰብኩ። ብዙ ቀድተሃት ይሆናል ብዬ፣ «ተወው» ያለችበትን ድምፅ ፈልጌ በዚያኛው ልተካው ተነሣሁ። የሞተች እናትን ቃል መለወጥ ቀፎኛል፤ አባቴን ከመቅበር ግን ይሻላል አልኩ።

ገና ሳልጀምር ኮምፒውተሩ አፕዴት ላድርግ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሲጠይቅሽ እሺ በይው ብለኸኝ ስለነበር እሺ አልኩት። ጠፍቶ ሲነሣ ነጫጭ ፊደሎች ሽቅብ ሮጡና ስክሪኑ ድርግም አለ። ማራገቢያው ይዞራል፣ የኪቦርዱ መብራት ስነካው ይበራል፤ ስክሪኑ ግን የጉድጓድ ውኃ መሰለ። ተበላሽቶ ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ሲመሽ ከዚያ ጥቁር ውስጥ ስሙን ጠራችው። ስክሪኑ ሲበራ የመሣሪያ ድምፅ ነበር፤ አሁን ግን የሰው ሆነ። አባዬ ወንበሩን አስጠጋና ማንም እንዳያጠፋው ከለከለ።

ከታችኛው ፎቅ ሳሚያን ጠራኋት፤ ሰንጋ ተራ አንድ ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ማሽኑን የሚመራው ሊኑክስ የሚባለው ፕሮግራም አዲስ ሲመጣ፣ ስክሪኑን ከሚያሠራው ከድሮው የግራፊክስ ድራይቨር ጋር አልተግባባም አለችኝ፤ ማሽኑ ሥራውን ይሠራል፣ ማሳየት ብቻ ነው ያቃተው። መስኮቱ ነው የተዘጋው እንጂ ውስጥ ሰው አለ ስትል አባዬ ፈገግ አለ። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ ሦስትን አንድ ላይ ስትጫን ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር የጽሑፍ ገጽ፣ ኮንሶል የሚሉት፣ መምጣት ነበረበት፤ የመጣው የተፈጨ ፊደልና የሚንቀጠቀጥ መስመር ነው።

አባዬ ጠዋት ኪዳን ሊያደርስ በሄደበት አጥፍተን አስነሣነው። ሳሚያ ሺፍትን ይዛ የማስነሻውን ሜኑ አወጣች፤ ሊኑክስ በሚለው መስመር መጨረሻ «ኖሞድሴት» ብላ ጨመረች። ድራይቨሩን ለጊዜው ተወውና በተራው መንገድ አሳየኝ ማለት ነው አለችኝ። ጥቁሩ ላይ ጥርት ብሎ የወጣው ቃል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ «ጠጅቱ» የሚል ነበር። ኮምፒውተሩን በእማዬ ስም መሰየምህን ረስቼው ነበር። ኮንሶሉ መግቢያ ላይ የማሽኑን ስም እንደሚያስቀድም ሳሚያ ስታስረዳኝ ክንዷን ጨብጬ ነበር።

የድሮውን ሊኑክስ መልሳ ስክሪኑን አስተካከለችው። የእማዬን ድምፅ ፈለግን፤ ያለው ያ አንዱ ብቻ ነው። ማጥፋት አልሆነልኝም፣ ሲመሽ እንዳይናገር ብቻ አደረግነው። ከዚያ የአባዬን ቁጣ ስጠብቅ ዋልኩ።

ጀምበር ጠለቀች። ከታች የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ብቻ ይሰማል። አባዬ ጆሮውን ወደ ስክሪኑ አዘነበለና «አቤት» አለ። ከዚያ «እሺ» ብሎ ኪኒኑን ከኪሱ አወጣና እጄ ላይ አስቀመጠው። ምን ሰማህ አልኩት። ተወው አለችኝ አለ።

ከዚያ ወዲህ ኪኒኑን አልነካም፤ እንቅልፉም ደህና ነው። ሲመሽ ሲመሽ ግን አቤት ይላል፣ እኔም መብራቱን ቀድሜ አበራለሁ።

ሳሚያ ሰላም ብላሃለች። ለበከርና ለካምፑ ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አባዬ ግንባርህን ስሟል። እማዬም ሰላም ብላሃለች፤ አባዬ ጻፊለት ስላለኝ ነው የምጽፈው። ዓይኑን በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፣ አይሸው ብላለች አለኝ። ኃይልዬ፣ ስለ ዓይንህ ለአባዬ ትንፍሽ አላልኩም።

እህትህ ሩሃማ በሱፍቃድ
ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.