የምወድቅበት ፈተና ያውጡልኝ

ለክቡር ዶክተር ጉልላት፣ በትልቁ ኮሌጅ የመምህራን መምህር ለሆኑት ጌታዬ፤

ጤናዎ እንዴት ነው ጌታዬ? ቤተሰብዎ፣ መኪናዎ፣ ያ ቀይ እስክሪብቶዎ፣ ሁሉም ደህና ይሁኑልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከጣቢያ በዋስ ከወጣሁ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ስለተወኝ ለርስዎ ዱአ የማደርግበት ሰፊ ጊዜ አግኝቻለሁ።

እኔ አልፊያ ነኝ፣ ኮልፌ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሎ የምሸጠው፣ የርስዎን ፈተና ሰርቃለች ተብዬ የተከሰስኩት። ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው። ሃምሳ አለቃው ሦስት ዓመት አያንስሽም ብለውኛል። ይህን ደብዳቤ የሰፈሬ ልጆች በካርቦን ገልብጠው በየፌርማታው እንለጥፈዋለን አሉ፤ ለብቻዎ ብጽፍልዎ አያነቡትም ብዬ ፈራሁ፣ ሰው ሁሉ ካነበበው ደግሞ ምን ያደርጉኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ፣ እንግዲህ ከሁለቱም ወገን እየፈራሁ ነው የምጽፈው፣ ይቅር ይበሉኝ። አንድ የርስዎ ተማሪ፣ ስሙን ለትራሴም አልነግር፣ አማርኛውን ላቃናልሽ ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት። ከተቃናማ ይህንንም ከየት ሰረቀችው ልባል ነዋ።

አንደኛ፣ ምስጋና ነው። ኮሌጁ ያረጀ ወረቀት በኪሎ ይሸጣል፣ አቶ ጀላል ባለሱቁ ይገዛል፣ እኔ ከሱ ወስጄ ቆሎ እጠቀልልበታለሁ፣ አራት ዓመቴ ነው። ከወረቀት ሁሉ የርስዎ ፈተና ይበልጣል። ወፍራም ነው፣ እንደ ጋዜጣ ቀለሙ እጅ ላይ አይለቅም። ተማሪው የጻፈበት፣ እርስዎም በቀይ ያረሙበት ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፣ እንግሊዝኛውን ፊደሉን እንጂ ነገሩን አላውቀውም፣ ግን ገበያ ሲቀዘቅዝ ሰው ዓይኑን የት ያሳርፋል? ሳየው ሳየው የሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረቱና የስድሳው፣ የስድሳውና የስድሳ ሁለቱ አንድ ነው፣ ቀኑ ብቻ ነው የተለወጠው። መጀመሪያ አንድ ፈተና ተርፎ የተጣለ መስሎኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ሐሳብዎን አለመለወጥዎ የጽናት ነው፣ እኔ ቆሎውን እንኳ በየሳምንቱ ነው የምቆላው።

ሁለተኛ፣ ዘንድሮ ከሚያዝያ ወዲህ ተማሪዎችዎ ከጦር ኃይሎች ማዶ በእግራቸው ኮልፌ ድረስ እየመጡ ቆሎ መግዛት ጀመሩ። እኔ ሞኟ ቆሎዬ ስሙ የወጣ መሰለኝ። ለካ አንዱ ጥቅልሉን ሲፈታ የራሱን ኮርስ አግኝቶበት ኖሯል። አንዱማ እፊቴ ቆሎውን መሬት ላይ ደፍቶ ወረቀቱን በጭኑ ላይ አስተካክሎ ኪሱ ከተተው። “ምነው ወንድሜ፣ ገብሱ ምን አደረገህ?” ብለው “እህቴ፣ ገብስሽ አያስመርቅም” አለኝ። እናቴ ፋሪዳ ስትሰማ ሁለት ቀን አኩርፋ ነበር፣ ገብሱን የምትለቅመው እሷ ናት።

ከዚያ ፈተናው መጣ፣ ክፍሉ በሙሉ ከአርባ ሠላሳ ስምንትና ሠላሳ ዘጠኝ አገኘ፣ አንዱ ልጅ ጨው የነካው ወረቀት ተገኘበት፣ እኔ ተያዝኩ። የልጆቹ ውጤት ግን አልተሰረዘም፣ ጸደቀላቸው። ተማሪው ሲነግረኝ ውጤቱ ይሰረዝ ከተባለ እርስዎ ሌላ ፈተና ማውጣት ሊኖርብዎ ነው፣ ጊዜ ደግሞ የለኝም ብለዋል። እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ እኔን ማሳሰር ይቀላል፣ እኔ አንድ ነኝ፣ ጥያቄው አርባ ነው።

ሦስተኛው የጣቢያው ነገር ነው። እርስዎም ነበሩ፣ ወንበር ተሰጥቶዎት። ወረቀቱ ላይ ሃምሳ ሰባት ይላል፣ ያኔ እኔ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እንዴት አድርጌ ሰረቅኩት አልኩ። እርስዎ “ቀኑን ተዪው፣ ጥያቄው የዘንድሮ ነው” አሉ። ሃምሳ አለቃው “አንቺ ልጅ፣ እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ?” ሲሉኝ “ኧረ ጌታዬ፣ ቀዩ የት እንደሚያርፍ ብቻ ነው የማውቀው” አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው! “እስቲ አሳዪን” ብለው ያልተነካ ወረቀት ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ካሳየኋቸው የሚለቁኝ መስሎኝ ቁጭ ብዬ አርባውንም አከበብኩ። ከአራቱ መስመር ረጅሙን ነው የማከብበው፣ ሁሌ ቀዩ ረጅሙ ላይ ነዋ። አንዳንዴ ብቻ መጨረሻው ላይ አንድ አጭር ነገር ይመጣል፣ መልኩ ሁሌ አንድ ነው፣ እሱ ከመጣ ረጅሙን ትቼ እሱን። ተማሪው ኋላ ሲነግረኝ “ሁሉም ትክክል ነው” ማለት ነው አለኝ።

እዚያው በቀይ አረሙልኝ። ሠላሳ ሰባት። ልማድ ሆኖብዎ ነው መሰለኝ ከላይ “በጣም ጥሩ” ብለው ጻፉበት። በሕይወቴ በጣም ጥሩ ያለኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ያቺው ወረቀት አሁን የከሳሽ ማስረጃ ሆና ፋይል ውስጥ ገብታለች። ረጅሙን ነው ያከበብኩት ብዬ ብምል ሃምሳ አለቃው “ረጅሙን? ምነው፣ ሸንበቆ ነው እንዴ የምትቆርጪው?” ብለው ሳቁ። እርስዎ አልሳቁም። ወረቀቱን አንስተው መስመሮቹን ሲያዩ፣ ሲያዩ፣ ከዚያ ጆሮዎ ሲቀላ አየሁ። ገባዎት ጌታዬ። ገብቶዎት ሳለ ኮፍያዎን አድርገው ወጡ።

እናቴ “ሰው ባለማወቁ ሲጎዳ አይቻለሁ፣ አንቺ ሳታውቂ ስላወቅሽ ነው እንዴ የምትታሰሪው?” ትላለች።

ስንተኛው ላይ ነበርኩ? ይሁን። ተማሪውን ለመሆኑ ኮርሱ ስለምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት። አስተማሪ የሚሆኑ ልጆች ጥሩ ፈተና እንዴት እንደሚያወጡ የሚማሩበት ነው አለኝ። ማሾፉ መስሎኝ ተቆጣሁት። አስራ አራተኛዋን ጥያቄ ተረጎመልኝ፤ የመጥፎ ፈተና ምልክቱ የቱ ነው ትላለች። መልሱም ትምህርቱን ያልተማረ ሰው ከምርጫዎቹ አጻጻፍ ብቻ ገምቶ ሊያልፈው የሚችል ሲሆን ነው ይላል። ረጅሙ እሱ ነው። አግኝቻታለሁ።

አሁን ሐሙስ ዳኛው ፊት እንደገና ትፈተናለች ተብሏል፣ በዚያው ወረቀት። ካገኘሁ ሌባ ነኝ። አውቄ ብስት ሃምሳ አለቃው ቀድመው “አርባውን ሁሉ የሚስት መልሱን የሚያውቅ ብቻ ነው” ብለዋል፣ እሱም እውነት ነው። ግማሽ ግማሽ ላድርግ ብል የቱን ግማሽ? ሦስት ቀን አሰብኩበት፣ ከአራቱ ምርጫ ወደ ቤት የሚያስገባኝ የለም።

ስለዚህ ጌታዬ፣ ክሱን ይተውልኝ አልልም፣ ይህን የሚያህል ነገር ከርስዎ አልጠብቅም። ጥያቄው የስድስት ዓመት ነው ብለው ለዳኛው ይናገሩ አልልም፣ ስም አለዎት። እባክዎ፣ ለሐሙስ የምወድቅበት ፈተና ያውጡልኝ። አምስት ጥያቄ ይበቃል። አራቱም መስመር እኩል ይሁን፣ እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው እንዳያልፈው ይሁን። በአላህ ስም፣ በሙሉ ልቤ እወድቅልዎታለሁ፣ ወድቄም እጅዎን ስሜ ወደ ገብሴ እመለሳለሁ። እንደማያወጡት አውቃለሁ። ተማሪው ሳቀብኝ፤ “እሱማ ቢችል ለኛ አያወጣም ነበር?” አለኝ።

ክብርዎ ከፍ፣ ዕድሜዎ እንደ ጥያቄዎ ሳይለወጥ የሚኖር ይሁን እያልኩ፣ ላረሙልኝ እጆችዎ ከሩቅ እጅ እየነሳሁ፣

ያለ ትምህርት ያስተማሩኝ ታዛዥዎ
አልፊያ ከሊፋ
ኮልፌ፣ ሰኔ ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ይቺን ደግሞ ሳልጽፍ ልዘጋው ነበር፤ ካስመረቋቸው ልጆች አንዱ፣ ያ ገብሴን የደፋው፣ ለመስከረም እኛ ሰፈር ትምህርት ቤት ተመድቧል አሉ። ታናሽ እህቴ ራህማ እሱ ክፍል ትገባለች። ጎበዝ ናት፣ ያየችው አይጠፋትም። ትናንት ጠርቼ መከርኳት፣ ራህሚዬ፣ ብታውቂውም አልፎ አልፎ ሳቺ፣ አስተማሪሽ ከየት አመጣሽው እንዳይልሽ አልኳት። እሺ አለች።