ሀገሩ ወደ ቀኝ የተሻገረበት ዓመት

መስከረም 11

ቀኑን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ዋልኩ። ኪስ፣ ኪስ፣ አሁንም ኪስ... ምን ቢከቱበት ነው እንዲህ የሚቀደደው?

ከሰዓት በኋላ ሰውዬዬ እንደ ልማዱ ከመስኮቴ ሥር ሲያልፍ ሁለቴ ክላክስ አደረገ። ብቅ ብዬ አየሁት። አየሁት ስል... አውቶቡሱ ደጃችንን ታክኮ ስለሚሄድ ከፎቅ የሚታየኝ ጣሪያው ብቻ ነው። ሲመለስ ደግሞ በሌላ መንገድ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ባሌን ሥራው ላይ አይቼው አላውቅም፤ ጣሪያውን ግን ከነዝገቱ አውቀዋለሁ።

ሲመሽ መርፌዬን ክር አስገባልኝ። ዓይኔ እየደከመ ነው። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ ሲያደርጋት ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ራት ላይ ራዲዮው ተናገረ። በመላ ሀገሪቱ በግራ መንዳት ሊቀር ነው። ከመጪው ሰኔ ጀምሮ መኪና ሁሉ በቀኝ ይሄዳል... ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ቀልድ ነው" አለ።

ቀልድ አይመስለኝም።

መስከረም 25

ከፎቃችን ሥር ያለው ፀጉር አስተካካይ፦ "እትዬ፣ ሀገሩ እስከዛሬ ግራ ሲገባው ኖረ፣ አሁን ደግሞ ቀኝ ሊገባው ነው!" ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ለሰውዬው ብነግረው ፈገግም አላለ።

ለካ ከመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ወጥቶ ነው። መሪያቸው በግራ፣ በራቸው በቀኝ የሆነ አዳዲስ አውቶቡሶች መጥተዋል፤ ሾፌር ሁሉ በእነሱ እንደገና ይፈተናል። ሁለት ጊዜ የወደቀ ወደ መኪና እጥበት ይዛወራል።

"በስተርጅና ባልዲ ልሸከም?" አለኝ። አንጀቴን በላው።

ኅዳር 3

ሳሎን መሀል ወንበር ላይ ተቀምጧል። የድስት ክዳን መሪ፣ የእኔ ጃንጥላ ማርሽ። ማርሹን እስከዛሬ በግራ እጁ ነበር የሚያስገባው፤ አሁን ቀኝ እጁን እንደ ሕፃን ያስተምረዋል። ልጃችን ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

"አባዬ፣ ምን ሆነሃል?"

"ሾፌር ማነጋገር ክልክል ነው!"

ኅዳር 20

አልጋ ላይ እንኳ ቦታ አስለወጠኝ። "አካል ካልለመደ ጭንቅላት ብቻውን አይነዳም" ይላል። ጠዋት ልነሳ እንደለመድኩት ብዞር ግንባሬ ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

"ይቅርታ፣ መስመሩ ገና አልተቀባም" ብሎኝ እርፍ! ልቆጣ ብዬ ሳቄ አመለጠኝ። ግንባሬ ግን አብጧል።

ጥር 8

ደረጃውንም በቀኝ ውጪ ይለኛል። ይህ ሰውዬ አንድ ቀን ከእኔ አንድ ነገር ይደርስበታል።

የካቲት 16

ወደቀ።

ቆቡን ሳያወልቅ ገብቶ ሲቀመጥ ገባኝ። መዞሩን፣ ወደ ኋላ መመለሱን፣ ሁሉንም አሳምሮ ሠርቷል። መጨረሻ ላይ አንዲት አሮጊት ጥቅል ተሸክማ የሥልጠናውን ሜዳ ስታቋርጥ፣ ሰው የሚጭን አውቶቡስ መስሏት በግራ በኩል ቆማ እጇን አነሳች። እሱም ወደ ግራ ጥምዝዝ ብሎ ቆመላት! በሩ ወደ መንገዱ መሀል ተከፈተ። አሮጊቷ በር የሌለውን ጎን ታንኳኳለች...

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

"እጇን አንስታ! ጥያት ልሂድ?" ይለኛል። ፈታኙም፣ "ጋሼ፣ ደግነቱ ባልከፋ፣ መንገዱ ግን ይቀድማል" አለው አሉ።

ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። ጥሩ ልማድስ? ይኸው፣ ጉድ የሠራው ጥሩው ነው። የተነሳ እጅ ካየ እግሩ ፍሬን ላይ ነው፤ ሰው ጥሎ መሄድ አልፈጠረበትም። ለዚህ አይደል የወደድኩት?

አንድ ዕድል ብቻ ቀረው።

የካቲት 19

ስፌት ላይ ሆኜ መጣልኝ። ችግሩ እጁ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ሰው እጁን የሚያነሳለት በግራ በኩል ነበር። በቀኝ የቆመ ሰው ማየት አለበት። ማን ይቁምለት?

የካቲት 20

እኔ ቆምኩለት። እሁድ ስለሆነ ሾፌሮቹ ሜዳው ላይ ይለማመዳሉ። የቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢቴን ይዤ በቀኝ በኩል እጄን አነሳሁ። አለፈኝ! እኔን! ዞሮ ሲመጣ አየኝና ቆመ። በሩ ተከፈተ።

"ወዴት ነሽ፣ እማማ?"

"ወደ ባሌ።"

እማማ አለኝ እኮ... ቤት እንገናኛለን።

መጋቢት 4

ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ ሜዳው ድረስ መጥቷል። ልጃችን ተማሪዎቿን በቀኝ በኩል ደርድራ እጅ ታስነሳለች። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ከዘራ ተውሶ፣ ጎብጦ፣ ፈተና ልሁንህ ብሎ በግራ በኩል ቆመ። "ልጄ፣ እግሬን! ወገቤን!" እያለ ያላዝናል። ሰውዬዬ ጥርሱን ነክሶ አለፈው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር ይላል ፀጉር አስተካካዩ። ውሸቱን ነው... ነው?

ሚያዝያ 2

አለፈ!!! ፈታኙን አቅፎ ሳመው አሉ። ዛሬ መርፌ አልነካም።

ሰኔ 7

ደረሰ። ጠዋት ሲወጣ እንደ ሁልጊዜው "በቀኝ ያውልህ" አልኩት። "ምርቃትሽ ይኸው ዛሬ ደረሰ" ብሎ ጉንጬን ሳመኝ።

ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቷል። በራዲዮው ትእዛዝ መኪና ሁሉ ባለበት ቆመ። ፀጥ... በየከተማው እንዲሁ ነው አሉ። ሀገር ሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ትራፊክ ፖሊሱ ነጭ ጓንቱን ሲያወዛውዝ፣ ሁሉም እንደ አዲስ ሙሽራ ቀስ እያለ ወደ ማዶ ተሻገረ። አጨበጨብን። ፀጉር አስተካካዩ አለቀሰ፤ ዛሬስ ዓይኔ አይቷል።

ከሰዓት በኋላ ክላክሱን ስሰማ ሮጬ ወደ መስኮቱ። ቁልቁል ጣሪያውን ብፈልግ ባዶ መንገድ። ቀና ስል ማዶ ነው! መሪው በእኔ በኩል ሆኗል። ፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ አድርጓታል፣ ልክ መርፌዬን ክር ሲያስገባልኝ እንደሚያደርገው። ያን ሁሉ ዓመት እንዲህ ሆኖ ነበር እንዴ የሚነዳው?

ረስቼው እጄን አነሳሁለት። በግራው በኩል! አውቶቡሱ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሊቆም ነው! ከንፈሩን ነከሰ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሳቀ...

ጥሎኝ ሄደ። ጎሽ፣ የኔ ጌታ።