ስላልነበረ ጠብ የተሸከምከው ድንጋይ

ይርዳው ዓለሜ፤

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ አልጻፍኩልህም። የምነግርህን ሁሉ መቃብርህ ራስጌ ቆሜ ስለምነግርህ ይበቃኝ ነበር። ካለፈው ረቡዕ ወዲህ ግን ቁጭ ማለት አቅቶኛል። ቆሜ እበላለሁ፤ ቢሮ እገባና ወንበሩ ሳይሞቅ እወጣለሁ። ይህን ደብዳቤም ስጀምረው ሦስተኛዬ ነው። እና ቅደም ተከተሉ ቢዛባብኝ ታገሠኝ። ዕድሜዋን ዜና ስትጽፍ የኖረች ሚስትህ ዛሬ ከየት እንደምትጀምር ጠፍቷታል።

ከቤቱ ልጀምር። በአንተ መኝታ በኩል ያፈስ የነበረው ጣራ ተጠግኗል። በሩ አጠገብ የተከልከው ጽድ ከአጥሩ አልፏል። ልጃችን ሰብለ ወንድ ልጅ ወልዳ፣ በአርባ ቀኑ ክርስትና አስነሥተናል። መቋሚያህ አንተው እንዳቆምካት ግድግዳው ጥግ ናት፤ አቧራዋን ከመጥረግ በቀር አልነካኋትም። ደባርቅም የዞን ከተማ ሆናለች። አዳዲሶቹ መሥሪያ ቤቶች በየኪራይ ቤቱ ገብተዋል፤ እኔም ከወረዳው ኮሙኒኬሽን ወደ ዞኑ ተዛወርኩ። ሥራዬ ያው ነው፤ ማን መጣ፣ ምን ተመረቀ፣ ምን ተወሰነ እያሉ መጻፍ።

የረቡዕ ዕለቱ ዜና ግን ሌላ ነበር። ዞኑ የፕሮስቴት ካንሰርን የሚከላከል ግብረ ኃይል አቋቋመ። ከጤና፣ ከትምህርት፣ ከዕድሮች፣ ከሃይማኖት አባቶች ሰዎች ተመረጡ፤ እኔንም መረጃ እንዳሰራጭ ጨመሩኝ። ሰብሳቢው የሕመሙን ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠሩት ብዕሬ ቆመ። አንተ በሹክሹክታ እንኳ ያልጠራኸው ሕመም ቃለ ጉባኤ ተያዘለት።

የጤና ባለሙያው ረጋ ብሎ ነበር የሚያስረዳው። «መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም» አለ። «ደግሞ ሽንት ቶሎ ቶሎ የመጣበት ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም። በዕድሜ የሚመጣ የእጢ ማደግም አለ። ሳይመረመሩ ግን መለየት አይቻልም።» ከኋላ አንዱ «ወንድ ልጅ ስለ ሽንቱ ማውራት ከጀመረማ ምን ቀረው!» ቢል አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ሲበርድ፣ ማስታወቂያው በየቤተ ክርስቲያኑ አጥር ይለጠፍ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ይሄኔ የደብራችን አለቃ ተነሡ። አንተ የምታውቃቸው ያው አለቃ ናቸው፤ ጢማቸው ብቻ ጨርሶ ነጥቷል። «ልጆቼ፣ ቅጥሩ የጸሎት ነው። ይኼ ነገር እዚያ አይለጠፍም» አሉና ወጡ።

የተቆጡ መስሎን ነበር። ወዲያው ተመለሱ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ወጡ። በሦስተኛው ሲመለሱ የፊተኛውን ወንበራቸውን ትተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። እዚያ ቦታ ላይ፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሃል ይዘው ሳያቸው አንተን አየሁ።

ያን ዓመት መቼም አትረሳውም። ቅዳሴ የገባ ሰው ሳያልቅ አይወጣምና፣ አንተ መግባቱን ተውክ። ከደረስጌ ዜማ ተምረህ ከመጣህ ጀምሮ ከቅኔ ማኅሌት ያልጠፋህ ሰው፣ ነጠላህን አጣፍተህ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ከወይራው ሥር መቆም ጀመርክ። አለቃ ደግሞ በዚያው ሰሞን የቀኝ ጌትነቱን፣ በማኅሌት የቀኙን ወገን የሚመራውን ማዕረግ፣ ከዳባት ለመጣ ከአንተ ለሚያንስ ሰው ሰጥተው ነበር። ደባርቅ ሁለቱን ነገር ለማያያዝ አንድ እሑድ በቃት። «መሪጌታ አኩርፏል» ተባለ። እኔም አመንኩ። ልብስህን የማጥበው፣ ጎንህ የምተኛው እኔ አመንኩ። አንተን ሳልጠይቅ ሦስት ሽማግሌዎች ለምኜ ላክሁ።

እምቢ ትላለህ ብዬ ፈርቼ ነበር። አንተ ግን ዝም ብለህ ተከተልካቸው። ሽማግሌዎቹ ታናሽ ነህና የይቅርታውን ድንጋይ አንተ ተሸከም ብለው ፈረዱ። በአለቃ ግቢ ከአጥሩ ሥር የነበረውን የወፍጮ ድንጋይ ስባሪ አንሥተህ ትከሻህ ላይ አደረግህ፤ ጎንበስ ብለህ «ስለ እግዚአብሔር ብለው ይማሩኝ አባቴ» አልክ። አለቃም ግራ ገብቷቸው «ምን እንዳደረግኸኝስ አላውቅም፤ ብቻ ይማርህ፤ እኔንም ይማረኝ» አሉ። እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸው። ምርቃቱ ሳያልቅ ሁለት ጊዜ ወጣህ። ትልቁ ሽማግሌ ዋንጫቸውን ከፍ አድርገው «ምነው መሪጌታ፣ ጠላው ቸኮለብህ?» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። አንተም ሳቅህ።

ከዚያ በኋላ ወገብህን ያምህ ጀመር። ብርድ ነው አልን፤ ጠበል ገባህ፤ አልተሻለህም። ጎንደር ሐኪም ቤት ስንሄድ ዳባት ላይ መኪናውን አስቆምክ። ኮሶዬ ላይ ደግሞ አስቆምክና «አገሩን ልይ» ብለህ ወደ ገደሉ አፍ ወረድክ። አንዲት መንገደኛ በመስኮት «መሪጌታ፣ ዛሬስ ፈረንጅ ሆኑ!» ብትል መኪናው በሙሉ ሳቀ። ያኔም ከሳቁት አንዷ እኔ ነኝ። ያን መንገድ ስንት ዓመት ስትመላለስበት ወርደህ አገር አይተህ እንደማታውቅ ልብ ያልኩት በኋላ ነው።

ሐኪሙ ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ገብቷል አለን። ስንመለስ ኮሶዬ ላይ መኪናው ቆመ። ተከትዬህ ወረድኩ። ጀርባህን ሰጥተኸኝ ቆላውን እያየህ «አለቃን አስቀይሜያቸው አላውቅም» አልክ። ታዲያ ድንጋዩን ለምን ተሸከምክ ብልህ «ሽንቴን መያዝ አቃተኝ ከማለት ድንጋዩ ቀለለኝ» አልክ። ቀጥለህም ለአለቃ እንዳልነግር አማልከኝ። የተጣላንና የታረቅን ይመስላቸው፣ ይሻላል አልክ። ማልሁ። በቀብርህ ቀን አለቃ እጄን ይዘው «ታርቀን መለያየታችን ደግ ሆነ» ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ።

እንግዲህ ቁጭ ማለት የነሣኝ ይህ ነው። የረቡዑ ዜና ስድስት መስመር ነበር። ስሙም፣ ሹመቱም፣ ሰዓቱም ልክ ነው። እኔ የማውቀው ግን አንዱም አልገባበትም። ቃልህን ልጠብቅ ካልኩ፣ አለቃ በሩ አጠገብ እንደተቀመጡ ይቀራሉ። የሳቸው ሕመም ያንተው ይሁን፣ የዕድሜ ይሁን እኔ አላውቅም። ሐኪም ካላያቸው ማንም አያውቅም። ብናገር ደግሞ፣ ድንጋይ ተሸክመህ የሸፈንከውን ገመናህን የምገልጠው እኔው ልሆን ነው።

እዚህ ላይ ብዕሬን ጥዬ ወጣሁ። የሚቀጥለውን የምጽፈው ተመልሼ ነው።

አለቃን ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ድንጋዩ እዚያው አጥሩ ሥር አለ፤ ለዶሮዎቹ ውኃ ያደርጉበታል። ጣሳውን አነሣሁና ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ከረቡዕ ወዲህ ቁጭ ያልኩት ገና ያኔ ነው። «እዚያ ላይ ምን ያስቀምጥሻል የሺ፣ በርጩማው አለ አይደለም?» አሉኝ። አይሆንም፣ የምነግርዎት የዚህን ድንጋይ ነገር ነው አልኳቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ወይራውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ እልልታዬን፣ ኮሶዬን። ሳወራ ቀና ብለው አላዩኝም። ስጨርስ «አልበደለኝም በይኛ» አሉ። ምንም፣ አልኳቸው። «እኔ እኮ ምን በድዬው ይሆን እያልኩ ስንት ጊዜ ሱባዔ ገባሁ።» ቀኝ ጌትነቱን ለአንተ ባለመስጠታቸው ሲጸጸቱ ኖረዋል ይርዳው። አንተ ይህን አላሰብክም፤ እኔም አላሰብኩም። ያልነበረው ጠብ ሳቸውንም ሲከብዳቸው ኖሯል።

ለመሄድ ብድግ ስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሺ፣ በአንድ ቅዳሴ ስንት ጊዜ ነበር ከወይራው ሥር ዘወር የሚለው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

የማውቀውን ያህል ነገርኳቸው። በጣታቸው ቆጥረው «እኔ በለጥኩ» አሉ። ቀጥለውም «ሰኞ የጎንደር መኪና በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አሉኝ። ስለሚለጠፈው ወረቀት ምንም አላነሡም፤ እኔም አልጠየቅኳቸው። እሱ ለግብረ ኃይሉ ስብሰባ ይቆይ።

መሐላዬን አፍርሻለሁ። ይቅርታ የምጠይቅህ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ድንጋይ ልሸከም ብል የሚቀበለኝ አንተ ነህ፣ አንተ ደግሞ የለህም። በሙት ዓመትህ ስምህ በጸሎት ሲጠራ እኔ ግን ሌላም ነገር አስባለሁ፤ ወይራውን፣ ድንጋዩን፣ ያን ሁሉ ብቻህን የቻልከውን። በልጅ ልጅህ ፊት ሳስታውስህም አልደብቅም፤ ሲያድግ አያትህ እንዲህ አሞት ነበር እለዋለሁ።

ሰኞ ከአለቃ ጋር የምሄደው እኔ ነኝ። ከበሩ አጠገብ እንዲቀመጡ ቦታ አስይዛለሁ። ዳባት ላይ መኪናውን የማስቆመው እኔ ነኝ፤ ኮሶዬ ላይም እኔው ነኝ። አገሩን ልይ አልልም። ሾፌሩ ለምን ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ ያንተን ስም ጠርቼ እነግረዋለሁ።

ባለቤትህ የሺ