እማዬ ራስጌ ያለችው ስፒከር

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ኅዳር 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሽልኛል? ጤናሽ እንዴት ነው? የኮምቦልቻ ሙቀትስ ለመደሽ? ፈረቃሽ ወደ ቀን መዛወሩን ጎረቤታችን ከሪማ ነግራኝ ደስ ብሎኛል። እኔ ደህና ነኝ ማለት የደብዳቤ ወግ ስለሆነ፣ ደህና ነኝ። እማዬ ግን ደህና አይደለችም። ከነሐሴ ጀምሮ አልጋ ላይ ናት፤ አሁን አሁንማ ለመቀመጥም ሰው ደግፏት ነው።

የፋብሪካው ስልክ ላይ ስሜን ስትሰሚ እንደማትመጪ አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልመጣሽም፣ አልፈርድብሽም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የከሪማ ባል ጀማሉዲን በሚኒባሱ ያመጣልሻል። ለዘበኛ ሰጥቶ እንዳይመለስ፣ እጅሽ ላይ እንዲያኖረው አደራ ብዬዋለሁ። እባክሽ ሳትቀድጂው እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። እኔ መቼም ነገር ሳላንዛዛ መናገር አልችልበትም፤ ስለ ኮምፒውተር ነው የምጀምረው፣ ታገሺኝ።

የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት መስከረም ላይ አዲስ ኮምፒውተር ሲያስገባ አሮጌውን ለእኔ ለቀቁልኝ። የአባባ ካሴቶች ትዝ ይሉሻል? ያ የብስኩት ካርቶን ሙሉ? ግማሾቹን ቴፑ በልቷቸዋል። የተረፉትን ወደ ኮምፒውተሩ ልገልብጣቸውና እማዬ ተኝታ ታዳምጣቸው ብዬ ተነሳሁ። ኮምፒውተሩን ሳሎን አስቀመጥኩ። ሸዋ በር ሬዲዮ የሚጠግነው ጣሀ አንዲት ትንሽ ስፒከር ሰጠኝ፤ ረጅም ሽቦ ቀጠለላት፣ በግድግዳው ጥግ ለጥግ አሳልፌ እማዬ ራስጌ ሰቀልኳት። እማዬ አሁን የተኛችው አባባ ይተኛበት በነበረው ጓዳ ነው። ወደዚያ ውሰዱኝ ያለችው ራሷ ናት።

ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሁለት ቀዳዳ አለ። በአረንጓዴው ድምፅ ይወጣል፣ በሮዙ ድምፅ ይገባል። የስፒከሯ ሽቦ አረንጓዴው ላይ፣ የቴፑ ሽቦ ሮዙ ላይ ይሰካል፤ በቃ፣ ሌላ ጥበብ የለውም። እኔ ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መሐንዲስ ትሆናለህ እያልሽ ስታሾፊብኝ የነበረው ትዝ እያለኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

የመጀመሪያው ዘፈን ሲለቀቅ እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልከፋትም፤ በነጋታውም ክፈትልኝ አለችኝ። አንዲት ካሴት ብቻ ከለከለችኝ። ያችን ቀይ ወረቀት የተለጠፈባትን፣ አባባ የሞተ ዕለት ማታ አንቺ የገለበጥሽለትን። እሷን ተዋት አለችኝ። ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ብርድ ገባኝ ማለት አመጣች። ከሰል አስገባልኝ፣ መስኮቱንም ዝጋልኝ ትለኛለች። እዚያ ጓዳ ውስጥ ከሰል! ብርድ ልብስ ስደርብላት፣ እኔ ብርድ ልብስ መች አልኩህ ብላ ተቆጣችኝ።

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ጧት የንስሐ አባታችንን መምሬ ወልደ ሚካኤልን አስጠራች። አርጅተዋል፣ ቁልቁለቱን በከዘራ እየተደገፉ መጡ። እኔም እንደ ወጉ ቤቱን ለቀቅሁላቸው። ግን እግረ መንገዴን አንድ ነገር አሰብኩ። እማዬ ከመምሬ ጋር ስትሆን አትሰማኝም፣ ያችን ቀይ ካሴት እስክመለስ ልገልብጣት አልኩና ቴፑን ከፍቼ፣ ኮምፒውተሩን ቅዳ ብዬው ወጣሁ። ጆሮዬ እንዳይሰማ ብዬ ከግቢው አልፌ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሄጄአለሁ፣ እታለም። ይህን እወቂልኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ዓርብ ዕለት አቧራ ስጠርግ ሁለቱንም ሽቦ ነቅዬ ነበር። ጣሀ የሁለቱንም ጫፍ አንድ ዓይነት ጥቁር መሰኪያ ነው ያደረገላቸው። መልሼ ስሰካ አቀያየርኳቸው። የቴፑ ሽቦ አረንጓዴው ላይ፣ የእማዬ ራስጌ ስፒከር ሮዙ ላይ ሆኑ። ስፒከር ይናገራል እንጂ ይሰማል ብዬ በምን ልጠርጥር? ጣሀ ኋላ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። ሮዙ ላይ ከሰካሃት እኮ ማይክ ትሆናለች አለኝ። እኔ አልሳቅሁም።

ከሰዓት በኋላ ካሴቷ በደንብ ገብታ እንደሆነ ላጣራ ማዳመጫ ከኮምፒውተሩ ፊት ባለው ቀዳዳ ሰክቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ዘፈን የለም። የአልጋ መንጓጓት፣ የመምሬ ሳል፣ ከዚያ የእማዬ ድምፅ። ምን እንደሆነ ሲገባኝ ወዲያው ማጥፋት ነበረብኝ። አላጠፋሁም። ምን ያህል እንደሰማሁ አልነግርሽም። መምሬ አንድ ነገር ሲጠይቋት፣ ያኔ ነው ለማጥፋት እጄ የታዘዘልኝ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ እግር ላይ ወደቅሁ። በመጀመሪያ ነገሩ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው መስቀላቸውን ነፈጉኝ። የንስሐ ቃል የሰረቀ የሚል ስም አወጡልኝ፣ እኔም አልተከላከልኩም። ቤት ሄጄ እንድደመስሰው አዘዙኝ። ደመሰስኩት፣ ዱካው እንኳ የለም። ልወጣ ስል ግን ጠሩኝና እንዲህ አሉኝ፦

«የሰማኸው ያንተ አይደለም። እኔም አላወጣውም፣ አንተም አታወጣውም። እህትህን መጥራት ግን ማንም አልከለከለህም።»

አሁን ስለ ሌላ ነገር ላውራሽ። ካሁኑ ጋር አታገናኚው።

አባባ በሞተ ዕለት ማታ፣ ከሰሉን በማንደጃው ይዘሽ ወደ ጓዳው ስትገቢ አይቼሻለሁ። ይህንን ለፖሊስም፣ ለዘመድም፣ ድንኳን ውስጥ ለተቀመጠው ሁሉ ተናግሬአለሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ሰው ሁሉ እኔን ሲያዳምጥ የመጀመሪያዬ ነበር መሰለኝ። አንቺ ደግሞ ከመተኛቴ በፊት አውጥቼ ደረጃው ላይ አስቀምጬዋለሁ ብለሽ ማልሽ። መስኮቱንም ገርበብ አድርጌ ነው የተውኩት፣ ማን ዘጋው ብለሽ ጠየቅሽ። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ታለቅስ ነበር። ባሏ የሞተባትን ሴት ማን ደፍሮ ይጠይቃል? ሁለት ቀን ጣቢያ አድረሽ ወጣሽ፣ አርባው እንዳለፈ ኮምቦልቻ ወረድሽ። አባቷን በከሰል ጭስ የጨረሰች እየተባልሽ።

ስታወጪው አላየሁም። ተኝቼ ነበርና። ስታወጣው አይተሃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፣ እኔም ተኝቼ ነበር አላልኩም። እንግዲህ እልሻለሁ፦ የማልሽውን አምኜሻለሁ። ከሰሉን አውጥተሽው ነበር። ለምን ዛሬ አትበይኝ።

አሁን ስለ እማዬ። ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ አልጋዋ ባዶ ነው። ያለ ደጋፊ የማትቀመጠው ሴት ወጥ ቤቱ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ የከሰሉ ጆንያ አፉ ተከፍቷል፣ ሁለቱም እጇ ጥቁር ነው። ማንደጃው የት ሄደ አለችኝ። ተሸክሜ አስተኛኋትና ማንደጃውንም ጆንያውንም ለከሪማ ሰጠሁ። ከሪማ ለምን ሳትለኝ ተቀበለችኝ። ስትወጣ ብቻ፣ «ወላሂ ልጅቷን አስመጣት፤ ይቺ እናት የሆነ ሰው እየጠበቀች ነው» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ስፒከሯንም አውቄ ሮዙ ቀዳዳ ላይ ትቻታለሁ። መምሬ ቢሰሙ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ግን ሳሎን ሆኜ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ካላደረግሁ ስትነሳ አልሰማትም፣ ከተነሳች ደግሞ ወዴት እንደምትሄድ አውቃለሁ። ሙዚቃ እንድታዳምጥ የዘረጋሁትን ሽቦ ይኸው እሷን አዳምጥበታለሁ። ይህን ስጽፍልሽም እሰማታለሁ። ትንፋሿ ይቆራረጣል። አንዳንዴ ስም ትጠራለች፣ የእኔን ግን አይደለም።

ትናንት አጠገቧ ቁጭ ብዬ እህቴን ልጥራት ወይ አልኳት። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን፣ «ትመጣለች?» አለችኝ። እንጃ አልኳት። ከዚያ መስኮቱን ክፈትልኝ አለች። አልጋ ከያዘች ወዲህ ክፈትልኝ ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ከፈትኩላት፣ እስኪመሽም አላስዘጋችኝም።

ጀማሉዲን ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሐረጎን ዳገት መልሶ ወደ ደሴ ይወጣል። አብረሽው ነይ። እኔን ለማየት አይደለም፣ አላይህም ካልሽ ሳሎኑን ለቅቄልሽ እወጣለሁ፤ ሽቦውንም ነቅዬ ነው የምወጣው። ግን ከአፏ ልትሰሚው የሚገባሽ ነገር አለ። ከዘገየሽ የሚነግርሽ ሰው አይኖርም። መምሬ አይነግሩሽም፣ እኔም አልነግርሽም።

የአባታችን አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ። ልብሽን ያራራልን፣ እሷንም እስክትደርሺ ያቆይልን። እኔን ይቅር የምትዪኝ ከሆነ ይቅር በይኝ፣ ካልሆነም ለእሷ ብለሽ ነይ።

ያልመሰከረልሽ ታናሽ ወንድምሽ

ረስቼው፦ ስትመጪ ጋቢ ያዢ። ደሴ በርዷል፣ እኛም ቤት ውስጥ ከሰል አናነድም።