ዝገቱ ላይ የታተመው ሽመና

ደራ አደም ኬል፣ ፓኪስታን
ረመዳን ሊገባ ሲል፣ 1998 እ.ኤ.አ.

የዓይኔ ብርሃን ዘርወሊ፣

የሻርጃ ሙቀት በረድ አለልህ? እኛ ደኅና ነን። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ፤ አንተ ፊደል ስታጠና ከጎንህ ሆኜ የለቃቀምኩት ነው። ይህን ለሌላ ሰው ማስጻፍ አልፈለግኩም።

አጎትህ ከጎረቤት ጋር በመስኖ ውሃ ተጣልቶ፣ ሽማግሌዎቹ መያዣ አምጡ አሏቸው። እሱም የቅድመ አያትህን በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ወሰደ። ባላጋራዎቹ ሳቁበት። "እሳት የሚጭርበት ባልጩት መምቻው የለንደን አይደለም፣ የእኛው መንደር ሥራ ነው። የውሸት መያዣ አንቀበልም" አሉ። አንተ በእንግዶች ፊት ተናግረኸው፣ አባትህን "ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም" ያሰኘው ያው ቃል ነው።

ሽማግሌዎቹ አንጥረኛው ኡስታ አጃብ እንዲመረምረው አዘዙ። እሱ ደግሞ መምቻውን ፈትቶ ወደ እኔ ደጅ መጣ።

"ብረቱ ላይ ያለውን የዘውድ ምልክት እዪው" አለኝ። "እንግሊዝ በአንድ ምት ነው የሚያትመው። ይሄ በመሮ የተጫረ ነው። ይሄ ለንደን ከተሠራ እኔም የንግሥቲቱ አማች ነኝ።"

"ካወቅክ ምን አደከመህ ታዲያ?"

"የማን ቤት ሥራ እንደሆነ አላወቅኩማ። መሥራቱ የእኛ ነው፣ ማስረጀቱ ግን የእናንተ የሴቶቹ ነው፣ እህቴ።"

ገለበጥኩት። የእውነት እርጅና ከጠርዝ ጀምሮ ይበላል፤ የጨው ዝገት ግን እንደ ፈንጣጣ ሁሉንም እኩል ይበሳሳዋል። በውስጥ በኩል የጨርቅ ሽመና ታትሞበታል። ጨርቁ የእኔ ነበር። ሙሽራ ሳለሁ ዋናው መምቻ ተሰበረ፤ አያትህ ይህን ሠርቶ ሰጠኝ፣ እኔም በጨርቅ ጠቅልዬ ከፍየሎቹ በረት ሥር በጨውና በአመድ ቀበርኩት። አባትህ ያኔ ካራቺ ለሥራ ሄዶ ነበር። ማንም አልነገረውም።

"የዚህ ቤት ነው በላቸው" አልኩት።

ኡስታ ጢሙን አሻሸ። "ታዲያ ያ ምላሰኛ ልጅሽ እውነቱን ነበራ! እኔም እኮ አብሬ ስቄበታለሁ።"

መያዣውን መለሱት። አጎትህ አኩርፎኛል፤ ሰላምታዬን አይመልስም። ይሁን።

አባትህ በእንግዶቹ ፊት የካደህ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር። ልትሄድ ጫማህን ስታስር አይቼሃለሁ።

አባትህ ሊሞት ሰሞን ወደ አልጋው ጠራኝ። "የዘርወሊ እናት" አለኝ። ከሄድክ ወዲህ በዚህ ስም ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። "ልጁ እውነቱን ይሆን እንዴ? ንገሪኝ፤ ከሆነ ሰው ልኬ ላስመጣው።"

ከንፈሩ ደርቆ ነበር። የጠየቀኝን ትቼ ውሃ ሰጠሁት።

ሌላ አልጠየቀኝም።

አላህ በሰው አገር ክፉ አያሳይህ፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክልህ። ብትመጣ ደጁ ክፍት ነው። ባትመጣም እኔ በአንተ አልቀየምም።

እናትህ ቶርፔካይ